የደፈንኳቸው ሃያ አራት መተንፈሻዎች

ስለ እሷ ላወራችሁ ነው የተቀመጥኩት። መሃል ላይ ስለ ራሴ ማውራት ከጀመርኩ ግን ታገሱኝ፤ የሁለታችን ነገር አንድ ላይ ተገምዶ አንዱን ስመዝ ሌላው እየተከተለ አስቸግሮኛል።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሥራ ቦታ ላይ ስሜን የሚጠራ የለም፤ እትዬ ስቱኮ ነው የሚሉኝ። ቀዳዳ አይቼ ማለፍ አልችልማ! የሚስማር ይሁን የአይጥ፣ ስቱኮ ጠቅጥቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ እጄን ሳሳልፍበት ልስልስ ካላለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «አንቺ እኮ ዝም ካልኩሽ አፌንም ትለስኚዋለሽ» ይለኝ ነበር።

እሷ ደግሞ የቤቶች ጽሕፈት ቤት አርክቴክት ናት። በዕድሜ ልጄ ብትሆንም ኢንጂነር ነው የምላት፣ አንቺ እያልኩ። አርባ ዓመት አይሞላትም፤ ቀጭን ናት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። ለደሃ ቤት ትሠራለች፤ ተራ ጠብቆ ለሚገባ፣ ኪራይ ላስመረረው ሰው። እና የእሷ ቤት እንደ ሌላው አይደለም። ግድግዳው ድርብ ነው፣ በመሃሉ ገለባ ተጠቅጥቆበታል። መስኮቱ የብርዱን ወራት ፀሐይ ያስገባል፣ የሙቀቱን ወራት ፀሐይ ያግዳል። ጣሪያው ላይ ውሃ በፀሐይ የሚያሞቅ በርሜል ተደርድሯል። ያለ ማሞቂያ የሚሞቅ፣ ያለ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ቤት ነው። «ደሃ ለአየር መክፈል የለበትም» ትል ነበር። እኔ መጀመሪያ ስሰማት፣ እቺ ደግሞ የተማረችው አዙሯታል ብዬ ስቄያለሁ።

ሳቄን የቀማችኝ በሶፍት ነው። አዎ፣ አፍንጫ በምንጠርግበት ሶፍት። ቀጭን አድርጋ ቀድዳ በሁለት ጣቷ ትይዝና በመስኮቱ ዙሪያ፣ በበሩ ሥር፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኝበት ጥግ ቀስ አድርጋ ታሳልፋታለች። ያቺ ሶፍት ከተወዛወዘች አለቀልን! ፈርሶ እንደገና ነው። አናጢው ይሰደባል፣ ለሳኙ ይሰደባል፣ እኔም ድርሻዬን አገኛለሁ። «ንፋስ የገባበት ቤት እንደተበሳ ማሰሮ ነው፣ እትዬ! የሞላሁት ሁሉ ይፈሳል!» ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትጮህብን ከረመች። እኛም ስሟን ንፋስ ፖሊስ አልናት። ከሩቅ ስትመጣ ያያት ሰው «ፖሊስ መጣ!» ይላል፤ ሁሉም እጁ ስቱኮ ላይ ነው።

ክፉ ሰው ናት እንዳትሉ። ፈሪ ናት። እንደ እሷ የሚፈራ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ያስረከበችው ቤት አጠገብ ስታልፍ ከመኪና ወርዳ መስኮቶቹን ትቆጥራለች። ዝናብ ሲበረታ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምኑን ነው እንዲህ የምትፈሪው? የሠራሽው ቤት እንጂ የወለድሽው አንበሳ አይደለም» አልኳት።

ሳትስቅ ነገረችኝ። ያደገችው ቆርቆሮ ለቆርቆሮ በተያያዘ አንድ ክፍል ቤት ነው። ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ያንዘፈዝፋል። እናቷ ስንጥቁን ሁሉ በጋዜጣ ትወትፈዋለች። ጎረቤቶቻቸው፣ ባልና ሚስት፣ ከእነሱ የባሰ ወተፉ፤ ከሰል አቀጣጥለው ገብተው ተኙ። ጠዋት እናቷ ከእነሱ ክብሪት ተዋሺ ብላ ላከቻት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በሩን የገፋችው እሷ ናት።

«የተኙ ነው የመሰሉኝ» አለችኝ። «ክብሪቱን ከራስጌያቸው አንስቼ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ሁሉ ወጥቻለሁ።»

ኋላ ነው የገባኝ። ለካ ለዚህ ነው የምትሥለው ሥዕል ላይ ሁሉም ነገር በጥቁር ሆኖ አንድ ነገር ብቻ በቀይ የሚሆነው። ያ ቀዩ መተንፈሻ ነው። በየወጥ ቤቱ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት መዳፍ የምታህል ክፍት ቦታ አለች፤ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ሄዳ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ቤቱ ይተነፍስባታል። ሰማዩ ደመና ሲሆን ጣሪያ ላይ ያለው ውሃ ስለማይሞቅ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ትንሽ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አለች። እሷ ጋዝ አልወደደችም ነበር፤ መብራት እየጠፋ ሰው ያለ ሙቅ ውሃ ይቀራል ብለው አለቆቿ አስገደዷት። «እሺ፣ ግን መተንፈሻው አንድ ቀን እንኳ የማይዘጋ ከሆነ» አለቻቸው። ይህንን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀዩን ሥዕል ያየ አርክቴክት እንጂ ቀለም ቀቢ አይደለም። ለእኛ የሚደርሰን የቀለም ቁጥር ነው። የፊተኞቹን ሦስት ሕንፃዎች ወጥ ቤት ደግሞ የቀባው ሌላ ቡድን ነው።

አራተኛው ሕንፃ ሊያልቅ ሲል ትልቅ ማራገቢያ ይዛ መጣች። በሩ ላይ በሸራ ትገጥመዋለች፣ የቤቱን አየር ወደ ውጪ ይስበዋል፣ ከዚያ በየት በኩል እንደሚያፈስ በመሣሪያ ይነበባል። ለዚህ ሙከራ ሲባል መተንፈሻዎቹ ለጊዜው መታሸግ አለባቸው። ሃያ አራቱንም ቤት በላስቲክና በማጣበቂያ ራሷ በመሰላል ወጥታ አሸገቻቸው። ውጤቱ ግሩም ሆነ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። በማግሥቱ ሌላ ሳይት ላይ ጣሪያ ተደርምሷል ተባለና ወደዚያ ላኳት። የታሸገው ይነሳል ብላ ለማንም አልነገረችም። እንዴት ትንገር? ለእሷ እንደ ፀሐይ የታወቀ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን እኔ ከነሠራተኞቼ ገባሁ። ርክክቡ ደርሷል፣ ጥድፊያ ነው። ወጥ ቤት ጣሪያ ሥር ላስቲክ ተለጥፏል። አንዷ ሠራተኛዬ «እትዬ፣ ይሄን እንንቀለው?» አለችኝ።

«ንፋስ ፖሊስ ያሸገችውን ልትነቅዪ? አብደሻል? ሰው ጤፉ የሆነች ሴትዮ በገዛ እጇ ያሸገችውን!» ብዬ ጮህኩባት።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ላስቲኩ አስቀያሚ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ቀዳዳ ድፈኑ ስንባል ከርመን፣ ይኸው እሷ ጀምራው የሄደችውን እኛ እንጨርስላት ብዬ፣ በመረብ አልብሼ ስቱኮ አስመታሁበት። ሦስት እጅ! አሽቼ፣ ቀብቼ፣ እጄን አሳለፍኩበት፤ ልስልስ አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ። ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ። ከዚያ ኮራሁ፤ ስትመጣ ትደሰታለች አልኩ። እሷ ግን ያ የተደረመሰ ጣሪያ ወር ይዟት ቆየ፤ ስትመለስ ሰው ገብቶበታል፣ ቁልፉ ተሰጥቷል።

ከገቡት አንዷ ልጄ ናት። ያለችኝ እሷው ናት። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፣ አሥራ አምስት ቀን ሄዶ ሦስት ቀን ያድራል። ተራቸው ደርሶ አራተኛው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ሲሰጣቸው እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ። እኔ በቀባሁት ቤት ልጄ ልትኖርበት! እዚያው ነፍሰ ጡር ሆና ገባች፣ እዚያው ወለደች። ሴት ልጅ። በበጋው ምንም አልሆኑም፤ ፀሐይዋ ውሃውን ታሞቅላቸዋለች፣ ጋዙን የነካው የለም።

ከዚያ ዝናብ ገባ። ሰማዩ ለሁለት ሳምንት አልተከፈተም። ልጄ ስልክ ደውላ «እማዬ፣ ራሴን ያመኛል። ሕፃኗን አጥቤ ስነሳ ያዞረኛል» አለችኝ።

«ከወሊድ ገና መነሳትሽ ነው፣ ብርድ መትቶሽ ይሆናል። መስኮቱን ጥርቅም አድርገሽ ዝጊ» አልኳት። እናት ነኝ፣ መከርኩ።

በአራት ቀኑ እንደገና ደወለች። አስመለሳት። «በሩም ሥር ፎጣ አድርጊበት» አልኳት።

ያን ቀን ሌላ ሳይት ላይ የደረጃ ግድግዳ እየለሰንኩ ነበር። ረፋድ ነው፣ ዝናቡ አላቋረጠም። ኢንጂነር ዣንጥላ እንኳ ሳትይዝ መጣች። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሙቀትና እርጥበት መለኪያ አስገጥማለች፤ የሚያነበው ቁጥር ቢሮዋ ይደርሳታል። አራተኛው ሕንፃ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሞቀ አሉ። ቢሮው ደስ ብሎት ሊሸልማት እያሰበ ነው። እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ሦስቱ ሕንፃዎች እኩል ናቸው። አራተኛው ብቻ በሦስት ዲግሪ በለጠ። እርጥበቱም ከፍ ብሏል። አንድ ዓይነት ቤት ነው የሠራሁት፣ እንዲህ ሊበልጥ አይችልም።» ጠጋ አለችኝ። «ስትቀቡ፣ ወጥ ቤት ጣሪያ ሥር ምን አገኛችሁ?»

ምን ልበላችሁ፣ በኩራት ነው የመለስኩላት። «ያሸግሽውን ነዋ! ላስቲኩ አስቀያሚ ነበር፣ እኔ አሳምሬ በስቱኮ ደፈንኩልሽ። አሁን ብትፈልጊ ቦታውን ራስሽም አታገኚውም!»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፣ እርጥቡ ልስን ልብሷ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ ነገረችኝ። ጋዙ ሲነድ አየር ይበላል። መውጫ ካጣ መልክ የሌለው፣ ሽታ የሌለው መርዝ ይሆናል። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ራሱን ያመዋል ስትል ክው አልኩ። መለሰኛው ከእጄ ወደቀ።

«ልጄ እዚያ ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ!» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል። ረፋድ ላይ ነው ሕፃኗን የምታጥባት፤ አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው። ይጠራል፣ አይነሳም።

በቢሮው ፒክአፕ ሄድን። እሷ ናት የምትነዳው። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቷል፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ነኝ። እግዜርን ለመንኩ፣ ተሳልኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሰደብኳት። «አንቺ ነሽ! ድፈኑ፣ ድፈኑ፣ ድፈኑ እያልሽ! ያሸግሽው አንቺ!» አልኳት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። በአንድ እጇ እየነዳች በሌላው እጇ ወደ ሕንፃው ዘበኛ ትደውላለች። አነሳ። «ሁሉንም በር አንኳኳ! ጋዝ ያጥፉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ይውጡ! መጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ዝናቡ ነው ምኑ ነው አይሰማም፤ «ማን? የምን ጋዝ?» ይላል። መስመሩ ተቋረጠ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር ነው፣ እኔ በስቱኮ አለስልሼ እንደ ስጦታ ያቀረብኩላት። መኪናው አልንቀሳቀስ ሲል ወርደን ሮጥን። አምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ የታመመ ነው። በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ከእሷ እኩል ሮጥኩ።

ዘበኛው ከታች ሰዎች ይዞ ቆሟል፤ ነገሩ ገብቶታል፣ አንደኛንና ሁለተኛን ፎቅ አስወጥቷል። አሮጊት፣ ሕፃን፣ ፒጃማ የለበሰ ሰው፣ ሁሉም ደረጃ ላይ ይንጫጫል። «የእርስዎ ልጅ በር አልከፈተችም» አለኝ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩ ተቆልፏል። ውስጥ ቧንቧ ሲፈስ ይሰማል። «ልጄ! ልጄ! እኔ ነኝ!» አልኩ። ውሃው ብቻ ነው የሚመልስልኝ።

ዘበኛው በትከሻው ገጨው። በሩ አልነቃነቅ አለ። ጥብቅ በር ነው፤ እሷ ናት ጥብቅ ይሁን ያለችው፣ ሦስት ጊዜ ያስፈረሰችው። ኢንጂነር የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ ነቅላ ቁልፉ ላይ መታች። መታች። በአራተኛው ተገነጠለ። ሥሩ የነበረው ፎጣ በሩን ይዞት ነበር፣ ገፋን።

ቤቱ ሞቆ ነበር። ያ ሙቀት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። ልጄ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ወድቃለች፣ እጇ ባልዲው ውስጥ ነው። ጉንጯ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። ብብቷን ይዤ ጎተትኳት፤ ዘበኛው እግሯን ያዘ፣ ደረጃው ላይ አወጣናት። «ሕፃኗስ? ሕፃኗስ?» ኢንጂነር ጋዙን ዘግታ፣ መስኮቱን በርግዳ፣ መኝታ ቤቱን ከፍታ ገባች። ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ አልጋ ላይ ነበረች። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር። ይዛት ወጣች፣ ዝናብ በሚያስገባው የደረጃ መስኮት አጠገብ ይዛት ቆመች። ልጅቷ ዝም ብላለች። እኔ ልጄን እየደባበስኩ የልጅ ልጄን አያለሁ። አንድ አፍ እንኳ የሚጮህልኝ አጣሁ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ዝናቡ ፊቷ ላይ ሲንጠባጠብ ሕፃኗ አስነጠሰች። ከዚያ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጄ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ልጄም አስመለሳት፣ አቃሰተች፣ «እማዬ፣ ራሴን» አለች። ኢንጂነር ሕፃኗን እቅፌ ላይ አስቀመጠችና ወደ አራተኛ ፎቅ ሮጠች። አምቡላንስ እስኪመጣ ከላይ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። የለሰንኩትን እየፈነቀለች ነው። ሃያ አራቱንም በዚያው ቀን ከፈተቻቸው።

ሐኪሙ ሁለቱንም ኦክስጅን አደረገላቸውና፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አትደርሱም ነበር» አለኝ። ሌላ ሰው አልተጎዳም። ግማሹ ለካ ሲያዞረው ጉንፋን ነው እያለ ክኒን ሲውጥ ነበር።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። አለቃው ጠረጴዛ መታ። «ማነው የደፈነው?»

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነኝ።  እሷ ተነሳችና «ያሸግኩት እኔ ነኝ። ይነሳ ብዬ ለማንም አልነገርኩም፣ ተመልሼም አላየሁም» አለች።

«በስቱኮ የደፈነውስ?»

«ሠራተኞቹ ያስተማርኳቸውን ነው የሠሩት።»

ዞራ አላየችኝም። በዚያው ቀን ከዲዛይን ክፍል አነሷት፤ የምትሥልበትን ጠረጴዛ ለሌላ ሰጡት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩባትና «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ደውለው ለምን አልጠየቁኝም እያልኩ ስናደድብዎት ነበር» አለችኝ። «ኋላ ሳስበው፣ ዓመት ሙሉ ስጮህባችሁ ከርሜ ማን ደፍሮ ይጠይቀኛል? እኔ ቤቱን ስፈራ ሰዉ እኔን ፈራ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጅዎት ግን ማወቅ አለባት፣ እትዬ። እኔ አልነግራትም። የእርስዎ ነው።»

እሺ አልኳት። አልነገርኳትም። ልጄ ከነልጇ እኔ ጋ መጥታ ተቀምጣለች፤ ወደዚያ ቤት አልመለስም ብላለች። ቀን ቀን ድክም ይላታል፣ የተናገረችውን ትረሳለች፣ እቃ ከእጇ ይወድቃል። ሐኪሙ ይሻላታል ብሏል። ታዲያ ሁልጊዜ አርክቴክቷን ነው የምትረግመው። «የሥራዋን ይስጣት! በእኛ ነው የተለማመደችው?» ትላለች። እኔ «አሜን» አላልኩም፣ «ተይ»ም አላልኩም። ሕፃኗን ታቅፌ እሹሩሩ እላለሁ። ሥራዬን ፈርቼ መሰላችሁ? ሥራ ይጥፋ። የፈራሁት ልጄን ነው። በየምሽቱ፣ ነገ ጠዋት እነግራታለሁ እላለሁ፤ ጠዋት «እማዬ» ብላ ስትጠራኝ ወኔዬ ይከዳኛል። አንድ ወር እንዲህ ሆንኩ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ የገዛ ልጁን ፊት ሲፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እህል አይወርድልኝም ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። በሩ ተንኳኳ። ልጄ በመስኮት አየችና ፊቷ ተለወጠ። «እሷ ናት። ብርቱካን ይዛ መጥታለች። በብርቱካን ልትደልለኝ!»

«ልክፈትላት» አልኩ።

«እንዳትከፍቺ፣ እማዬ! ይዝነብባት። እኔን ልትገድለኝ ነበር፣ ልጄን ልትገድልብኝ ነበር።» ድምፅዋ እስከ ውጪ ይሰማል። በመስኮቱ አያታለሁ፤ ኢንጂነር ሰምታለች። ዞራ አልሄደችም፣ አልመለሰችም፣ ውሃ ከፀጉሯ እየወረደ ፌስታሉን ይዛ ቆማለች። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃት ነበር። አንድ ቃል።

ሕፃኗ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። እንዳትነቃ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ልጄ» አልኩ። «እሷ ለሙከራ ነው ያሸገችው። በስቱኮ የደፈንኩት እኔ ነኝ። አንዷ ሠራተኛ እንንቀለው ስትለኝ ጮህኩባት፣ ሦስት እጅ አስመታሁበት። መስኮት ዝጊ ያልኩሽም እኔ ነኝ፣ ፎጣውንም እኔ ነኝ። እሷ እኔን ሸፍና ነው ከሥራዋ የተነሳችው።»

ልጄ ዞራ አየችኝ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ መጣችና ሕፃኗን ከጭኔ ላይ አነሳቻት። ትከሻዋ ላይ አደረገቻት፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ከፈተችው።

«ይግቡ» አለቻት ኢንጂነርን። «ዝናቡ መታዎት።»